ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ተጫዋች፦ ሩንስኬፕ፣ የተጫዋቾች አስተያየትና የታሪክ ማስረጃ

(በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ በተናጋሪው በጥቂቱ የታረመ።)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ አንጋፋ የሙያ አባቴ ደውለው «ለመሆኑ የታሪክ መምህር ነህ ወይስ የልጆች ጨዋታ ተንታኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሰዎች ስለሚጫወቱት ጨዋታ የሚሰጡት አስተያየት ስለሚኖሩበት ሁኔታ የሚሰጡት ምስክርነት ጭምር ነው፤ ምስክርነትን መመርመር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው ብዬ መለስኩላቸው። እርሳቸውም «ምስክሩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚያ የስልክ ንግግር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ክርክሬን አስቀድሜ ልናገር። ስለ ኢንተርኔት ጨዋታዎች ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የተጫዋቾችን አስተያየት ሲጠቅሱ የሚቆጥሩት በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን፣ በስሙ አካውንት የከፈተውን፣ ክፍያ የፈጸመውንና ድምፅ የሰጠውን ሰው ነው። በእኛ አገር ግን ጨዋታ ከወንበሩ ጀርባ የሚቆሙ ሰዎች አሉት። እነርሱም ይመክራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይፈርዳሉ፤ አስተያየታቸው ግን በየትኛውም ሰነድ ውስጥ አይገኝም። ይህ በእኛ ጨዋታዎች ታሪክ አንድ ጊዜ ደርሷል፤ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ በመድረስ ላይ ነው።

ለማስረጃ የምወስደው ሩንስኬፕ የተባለውን ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለሕዝብ የተከፈተው ታኅሣሥ 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዩወሪ 4 ቀን 2001 ሲሆን፣ መሥራቹ አንድሩ ጋወር የተባለ እንግሊዛዊ ወጣትና ወንድሞቹ ናቸው። ጃጌክስ የተባለው ድርጅታቸውም መቀመጫው በካምብሪጅ ነው። ተጫዋቹ ጊሊኖር በተባለች ምናባዊት ምድር ገጸ ባሕርይ ተላብሶ ይኖራል፤ ከድራጎን ይዋጋል፣ አስማት ይማራል፣ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ይገበያያል። ሆኖም አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያሳልፈው በሥራ ነው። ማዕድን ይቆፍራል፣ ብረት ያቀልጣል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ ዓሣ አጥምዶ ይጠብሳል። የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ሳንቲም ከፍሎ ብረት ሲያቀልጥ የሚያመሽበት ጨዋታ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ይህ አካባቢ የሚታወቀው በባቡር ጣቢያው፣ በጥጥ ፋብሪካው፣ በጉምሩኩ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ሲያደርጉ ድምፃቸው ወደ ውጭ የወጣው ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ መሆኑንም የታሪክ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ስለ ጨዋታ ግን ማንም አቃቂ ቃሊቲን አንስቶ አያውቅም። እኔ የማነሣው እዚህ ስላደግሁና ጨዋታውን የተማርሁት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አንድ የኢንተርኔት ቤት ውስጥ ስለሆነ ነው።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥር ዓመታት ተራው ሰው የሚያገኘው በኢንተርኔት ቤት ብቻ ነበር፤ ሒሳቡ በደቂቃ ይታሰባል፣ ኮምፒውተሮቹ ያገለገሉ ናቸው፣ መስመሩ ዘገምተኛ ነው። በዚያን ዘመን ዓለምን ያስደነቁት ትልልቅ ጨዋታዎች በሲዲ የሚጫኑ፣ ብርቱ ኮምፒውተር የሚጠይቁና ወርኃዊ ክፍያ የሚያስከፍሉ ነበሩ። ሩንስኬፕ ግን በጃቫ የተሠራ በመሆኑ በተራ የኢንተርኔት መቃኛ ላይ ይከፈት ነበር፤ መጫን አያስፈልገውም ነበር፤ ከፊሉ ዓለሙም በነጻ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጫዋቹ ያካበተው ሀብት የሚቀመጠው በእንግሊዝ ሰዎች ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ ትናንት ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ልጅ ዛሬ ሰባተኛው ላይ ቢደርሰው ምንም አይጎድልበትም። የራሱ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ አስተያየት ልለፍ። ተጫዋቾች ምን ያስባሉ የሚለው ጥያቄ በዚህ የጨዋታ ዘር ታሪክ ውስጥ ከጥንትም አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ማድ የተባለውንና በጽሑፍ ብቻ የሚካሄደውን ጨዋታ ሠሩ፤ የዛሬዎቹ ሁሉ አያት ይኸው ነው። ከ1989 እስከ 1990 ነባር ተጫዋቾች «ሰው ከዚህ ጨዋታ የሚፈልገው ምንድን ነው?» በሚል ለወራት ተከራከሩ። ባርትል ያንን ክርክር መሠረት አድርጎ በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ድል አድራጊ፣ አሳሽ፣ ወዳጅ ፈላጊና ገዳይ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ይጠቀሳል። ልብ በሉ፤ ምንጩ የተጫዋቾች አስተያየት ነው፤ አስተያየት ሰጪዎቹ ግን ቀድሞውኑ የተካኑ፣ ከባለቤቶቹ ጋር የሚነጋገሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

በሩንስኬፕ ዘንድ የአስተያየት ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ቁጣ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 10 ቀን 2007፣ ድርጅቱ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው የሚዋጉበትን ጠፍ ምድር ለውጊያ ዘጋው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶም በንግድ ላይ ገደብ ጣለ፤ ሁለት ተጫዋቾች ዕቃ ሲለዋወጡ የዋጋው ልዩነት በዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከ3,000 የጨዋታው ወርቅ እንዳይበልጥ ታዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የጨዋታውን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል በተሰረቀ የክፍያ ካርድ የሚጠቀሙ ነበሩ። ድርጅቱ በባንኮች ፊት ችግር ላይ ወድቆ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ምክንያቱን አልተቀበሉትም፤ በጊሊኖር አደባባዮች ላይ ተሰልፈው ጮኹ፤ ብዙዎችም ጥለው ወጡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ራሱ ጠየቀ። ከዲሴምበር 2010 መጨረሻ እስከ ጃንዩወሪ 2011 አጋማሽ በተካሄደው ድምፅ አሰጣጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ 91 በመቶው ጠፍ ምድርና ነጻ ንግድ ይመለሱ አለ። በፌብሩወሪ 1 ቀን 2011 ተመለሱ። በኖቬምበር 2012 የውጊያው ሥርዓት ከሥሩ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ቁጣ ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ሰዎች የጠየቁት ጨዋታው ወደ 2007 መልኩ እንዲመለስ ነበር። ድርጅቱ በመዝገብ ክፍሉ ውስጥ የኦገስት 2007 ሙሉ ቅጂ አገኘ። 449,351 ድምፅ ተሰጠ፤ በየካቲት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. «የድሮው ሩንስኬፕ» የተባለው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በዚህኛው ጨዋታ ላይ አዲስ ነገር የሚጨመረው ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተው 75 በመቶው ሲደግፍ ብቻ ሆነ፤ መጠኑ በ2022 ወደ 70 ዝቅ ብሏል። ብዙ ሕገ መንግሥቶች ለማሻሻያ ይህን ያህል ድምፅ እንደማይጠይቁ የሕግ ባልደረቦቼ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ልቁም። የተገኘው ቅጂ የኦገስት 10 ቀን 2007 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ማለት ነው። ጠፍ ምድሩ ከመዘጋቱ አራት ወር፣ ሁላችንም በጉጉት ስንጠብቀው ከነበረው የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ደግሞ አንድ ወር ይቀድማል። የዓለም ተጫዋቾች ዛሬም የሚመላለሱባት ያች ጊሊኖር በ1999 ክረምት ላይ የቆመች ናት። የታሪክ ሰው ናፍቆትን ሲያጠና አብዛኛውን ጊዜ ናፍቆቱን የሚያመሳክርበት ነገር የለውም፤ «ድሮ እንዲህ ነበር» የሚልን ሰው ይዞ ወደ ድሮው መግባት አይቻልም። እዚህ ግን አንድ የመጠባበቂያ ቅጂ በአጋጣሚ ባለመጥፋቱ ይቻላል። ከገቡት መካከልም ብዙዎች ድሮው ካሰቡት በላይ አድካሚ ሆኖ አገኙት፤ ያም ሆኖ አልወጡም።

ይህ ሁሉ የተመዘገበው ታሪክ ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። እኔ የምጠይቀው ግን በዚያ የኢንተርኔት ቤት የነበርነው በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነን የሚል ነው።

በድሮው ሩንስኬፕ ድምፅ መስጠት የሚችለው ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ አባል ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ከእኛ መካከል ወደ ውጭ መክፈል የሚያስችል ዓለም አቀፍ ካርድ የነበረውን ልጅ አላስታውስም፤ የአባቶቻችንም ኪስ እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾች ነበርን፤ መራጮች ግን አልነበርንም። የዓመታት አስተያየታችን በነጻው ዓለም ውስጥ ቀረ።

አስተያየት ግን ነበረን። ለምሳሌ የንግዱን ገደብ ልውሰድ። በሰነዶቹ ውስጥ ክርክሩ በነጻነትና በወርቅ ሻጮች መካከል ነው፤ በእኛ ቤት ክርክሩ ሌላ ነበር። ትልልቆቹ ልጆች አዲስ ለጀመረ ታናሽ የጦር ልብስ ይሰጡ ነበር። ሰማያዊውን የሩን ጥሩር ከታላቅ የተቀበለ ልጅ ለሳምንት በኩራት ይንጎራደዳል፤ እርሱም በተራው ሲያድግ ለሌላው ይሰጣል። በዚህም ማን የማን ታናሽ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ገደቡ ሲመጣ ማሽኑ እንዲህ ያለውን ስጦታ እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ ከለከለው። ከኛ ከፍ ያለ አንድ ልጅ፣ አሁን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ያኔ የተናገረውን አልረሳውም፦ «አሁን እንግዲህ ሁሉም ለየራሱ ነው» አለ። ስለ ባንክና ስለ ካርድ ምንም አላነሣም። የጎደለው መስጠት ነበር፤ የቤታችን ፍርድ ይኸው ነው። ከ91 በመቶው ውስጥ በዚህ ምክንያት «ይመለስ» ያለ ሰው ስንት እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሞት ነው። በጨዋታው የሞተ ሰው ዋጋቸው ከፍ ያለ ሦስት ዕቃዎችን ብቻ ይዞ ይነሣ ነበር፤ ሌላው መሬት ላይ ይወድቅ ነበር፣ ያለፈ ያገደመም ያነሣው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ለሟቹ የመቃብር ድንጋይ አቆመለት፤ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪመጣ ዕቃውን ለጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቅለት ነበር። በውጭው ዓለም ነባር ተጫዋቾች ይህ ጨዋታውን አለሰለሰው፣ ሞት ዋጋ አጣ ብለው አማረሩ። እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚሞተው በድራጎን አልነበረም፤ በመብራት መጥፋት ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ፈረቃ የነበረበትን ጊዜ እናንተም ታስታውሳላችሁ። በውጊያ መካከል ኃይል ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ገጸ ባሕርይው ግን እዚያው ቆሞ ይደበደባል። እኛ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን የማናየውን ሞት እንቆጥር ነበር። የመቃብሩ ድንጋይ ሲመጣ ደስ አለን፤ ከዚያም ድንጋዩ የሚቆየው ለደቂቃዎች መሆኑን፣ መብራቱ የሚመጣው ግን ከሰዓታት በኋላ መሆኑን ስንረዳ ሳቅን። ያ ሳቅ ስለ ጨዋታው ሕግ የተሰጠ አስተያየት ነበር፤ ስለ ሌላም ነገር የተሰጠ አስተያየት ነበር። በድርጅቱ የአስተያየት ቅጽ ላይ ግን ሊሞላ አይችልም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። ድርጅቱ አንድ አካውንት ለአንድ ሰው ነው ይላል፤ ማጋራት የተከለከለ ነው። በእኛ ቤት አንድ አካውንት የሦስት የአራት ልጆች ነበር። አንዱ የደቂቃውን ሒሳብ ይከፍላል፤ አንዱ እንግሊዝኛ ያነብባል፤ አንዱ እጁ ፈጣን ስለሆነ ይዋጋል፤ ሌላው ገንዘብም ችሎታም የለውም፤ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ «ተው፣ ወደዚያ አትሂድ!» ይላል። ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር። ባርትል ከዘረዘራቸው አራት ዓይነት ተጫዋቾች የትኛው ውስጥ እናስገባው? ድል አድራጊ አይደለም፣ ገዳይም አይደለም፤ ቁልፍ አልነካም። ነገር ግን ስለዚያ ጨዋታ ከማንም ይልቅ የበሰለ አስተያየት የነበረው እርሱ ነው፤ የሚያየው ሁሉንም ወንበር ነበርና።

ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ሰው አለማየት ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት አንድ የሌላ አገር ምሳሌ ልጨምር። ቬኔዝዌላ በኢኮኖሚ ቀውስ በተመታችበት ጊዜ ብዙ ቬኔዝዌላውያን የጨዋታውን ወርቅ እያመረቱ ለውጭ ተጫዋቾች በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። ከሚያዘወትሩት ሥራ አንዱ በጠፍ ምድር ያሉትን አረንጓዴ ድራጎኖች መግደል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተጫዋቾች ቬኔዝዌላውያንን በዚያ ስፍራ እንዴት ማወቅና መግደል እንደሚቻል የሚያስተምር መመሪያ አሰራጩ፤ በስፓኒሽ አናግራቸው የሚል ዓይነት ነገር ነበረበት። አንዳንዶች አወገዙት፤ አንዳንዶች ወርቅ ሻጭ ጨዋታውን ያበላሻልና ይገባዋል አሉ። የሁለቱም ወገን አስተያየት ተመዝግቧል። በቤቱ የዳቦ ዋጋ ለማግኘት ድራጎን ሲገድል የዋለው ሰው አስተያየት ግን የተገኘው ጥቂት ጋዜጠኞች ሄደው ስለጠየቁት ብቻ ነው። ጋዜጠኞቹ ባይጠይቁት ኖሮ በታሪክ ውስጥ የሚቀረው እንደ ጨዋታ አበላሽ ነበር።

ቀደም ሲል ይህ በእኛ ጨዋታዎች ታሪክ አንድ ጊዜ ደርሷል ብያለሁ፤ ወደዚያ ልመለስ። የማስበው ሰንጠረዥን ነው፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንጫወተውን ዓለም አቀፉን ቼዝ ሳይሆን በአበው ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽ ይጫወቱት የነበረውን። ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ለጨዋታው የነበራቸውን ፍቅር በአገልግሎታቸው የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ መዝግቦታል። መሪ በ1913 እ.ኤ.አ. በታተመው የቼዝ ታሪኩ የእኛን ሰንጠረዥ ለብቻው አስፍሮታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የተበተነውን መረጃ ሰብስበው ጽፈዋል። እርሳቸው እንደሚሉት ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፋ።

የሰንጠረዥ ሕግ የሚገርም ነው። ጨዋታው የሚጀምረው «ወረራ» በተባለ ምዕራፍ ነበር፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ሲገደል ብቻ በየተራ መሆን ይጀምራል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ባላጋራን በግንቡ ወይም በፈረሱ ማት ማድረግ ጥበብ እንደጎደለው ይቆጠር ነበር፤ በተራ ወታደር ማት ያደረገ ግን ይመሰገናል። ይህ ሕግ አይደለም፤ አስተያየት ነው! ከብዙ ትውልድ ተጫዋቾች አስተያየት ተንጠፍጥፎ የቀረ ነው። ከኃያሉ ይልቅ በትንሹ ማሸነፍ ይበልጣል ብለው የፈረዱት እነማን ነበሩ? በምን ምክንያት? ከመኳንንቱ መካከል ነው ወይስ ዙሪያውን ከቆሙት?

ዙሪያውን የቆሙ ነበሩና። የውጭ ሰዎች ጽሑፎች ደጋግመው የሚያነሡት ተመልካቹ ዝም እንደማይል ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ይጮኻል፣ ይመክራል፣ «ይህን ብታደርግ ይሻልህ ነበር» ይላል። ጸጥታን የቼዝ ሥነ ሥርዓት አድርጎ ያደገ አውሮፓዊ ይህን እንደ ሁከት ነው ያየው። ለእኔ ግን ያ ከወንበሩ ጀርባ የቆመው የቃሊቲ ልጅ አያት ነው። ጸሐፊዎቹ ጩኸት እንደነበረ ጻፉ፤ የተባለውን ግን አልጻፉም። የእኛ ሊቃውንትም አልጻፉትም፤ ለብራና የሚበቃ ነገር ሆኖ አልታያቸውም። ስለዚህ የቁራጮቹ አካሄድ አለን፣ የነገሥታቱ ስም አለን፤ የተጫዋቾቹ ቃል የለንም። ፓንክረስት ሲሰበስቡ የሚያስታውስ ሽማግሌ ፈልገው መጠየቅ ነበረባቸው፤ ያኔ ከወረራው 35 ዓመት አልፎ ነበር።

የኢንተርኔት ቤቶቹ ዘመን ካለፈም እየቆየ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የድሮው ሩንስኬፕ በስልክ ተከፈተ፤ የእኛም ኢንተርኔት ወደ ስልክ ሄዷል። ስልክ ወንበር የለውም፤ ከጀርባው የሚቆም ሰውም የለውም፤ የአንድ ሰው መዳፍ ነው። በ2020 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥም እያንዳንዱ ለብቻው ነው የተቋረጠው። በ1999 ዓ.ም. ዐሥራ አምስት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ከሠላሳ አልፏል፤ ያለው በየፋብሪካው፣ በየቢሮው፣ በየሰው አገሩ ነው። አሁንም ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ በዚህ ክፍለ ከተማ ለምትኖሩ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ሰፊ ፕሮጀክት አይደለም። ታላቅ ወንድማችሁን፣ አጎታችሁን ጠይቁ። «ጨዋታውን ትወድደው ነበር ወይ?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ «አዎ» ብሎ ዝም ይላል። «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጉ ነበር? የሚከፍለው ማን ነበር? ከኋላ የሚቆመው ማን ነበር?» በሉት።

እኔ ከጠየቅኋቸው አንዱ የዚያ ቤት ባለቤት ናቸው። ጋሽዬ አሁን በዚያው ክፍል የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣሉ። የጨዋታውን ስም አያስታውሱም፤ «ያ ሰይፍ ያለበት» ነው የሚሉት። ነገር ግን የሒሳብ ደብተራቸውን አልጣሉም። ባለካሬ ደብተር ነው፤ በየገጹ የኮምፒውተሩ ቁጥር፣ የተከፈተበት ሰዓት፣ የተዘጋበት ሰዓትና ሒሳቡ ሰፍሯል። የተጫዋች ስም የለበትም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት አንዱ ገጽ ነው። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መ.ጠ.» የሚል ደጋግሞ ተጽፏል፤ መብራት ጠፋ ማለት ነው። ከእርሱ ጎን ሌላ ምልክት አለ፤ አንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት፣ አንዳንዱ ላይ ሦስት ትንንሽ ጭረቶች። ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው «እነዚህማ የማይከፍሉት ናቸው» አሉኝ፤ «ወንበር ስለሌለ ቆመው ነው የሚያዩት፤ ቦታ ስለሚያጣብቡ እቆጥራቸው ነበር።»

ጊዜያችን አልቋል መሰለኝ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ በተለይ ከኋላ ቆማችሁ ከምትሰሙት ብጀምር ደስ ይለኛል።